የኦንላይን የዳንስ ትምህርት ለአሰልጣኝ ይሆናል?

የህርማታዋ፦ ሰላም ናችሁ? ጅማ ውስጥ ልጆችና ወጣቶችን ዳንስ አስተምራለሁ። በውዝዋዜው አልታማም። አሁን ግን ወላጆች ባሌትና ዘመናዊ ጨምሪላቸው እያሉኝ ነው፣ አዲስ አበባ ሄጄ ልማር ብል ደግሞ ክፍሌ ይዘጋል። ዩቲዩብ ላይ የቴክኒክ ቪዲዮ ሞልቷል፣ ለአስተማሪ የሚሆነውን መለየት ግን አቃተኝ። ከፍሎ መማርስ ያዋጣል? አዳራሻችን ሊሾ ነው፣ መስታወትም የለው።

ከበሮ መቺው፦ እህቴ፣ ክፍያውን ለጊዜው ተይው። አሳይቶ ብቻ የሚያልፈውን ሳይሆን፣ ተማሪ ሲሳሳት አስቁሞ የሚያርመውን ቪዲዮ ፈልጊ። ለምሳሌ ባሌት ላይ እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ ነው። ልጆች ቪዲዮ አይተው ሲሞክሩ ግን እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ ጠምዝዘው ይቆማሉ፤ ከዚያ ፕሊዬ (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ማለት) ሲወርዱ ጉልበታቸው የጣቶቻቸውን አቅጣጫ ትቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉልበት የሚጎዳውም በዚህ ነው። ትንሽ ብቻ ከፍቶ በትክክል የሚወርድ ልጅ ይሻልሻል። አንቺ ይህን ማየት ከለመድሽ ቪዲዮው ሥራውን ሠርቷል። ስልኩን ለልጆቹ ደግፈሽ «እንደሱ አድርጉ» ማለት ግን ማስተማር አይደለም።

ሚሚ፦ ሊሾው ላይ ተጠንቀቂ! ቪዲዮዎቹ የሚቀረጹባቸው ስቱዲዮዎች ብዙዎቹ ሲዘሉበት የሚለጠጥ የእንጨት ወለል አላቸው፣ የእነሱን ዝላይ ሲሚንቶ ላይ እንዳለ አትገልብጪው። ደግሞ ከጀርባ የተቀረጸ ምረጪ፣ ግራና ቀኙ አይምታታብሽም። ፍጥነቱን 0.5 አድርገሽ እዪው። መብራትም ኔትወርክም ስለማይታመን ቀድመሽ አውርጂው።

አባ ቡና፦ እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ከቪዲዮ የተማረ አሰልጣኝ ሁሉንም ነገር «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» እያለ ይቆጥራል። እስክስታው በብዛት 6/8 ነው፣ በሦስት በሦስት ነው የሚሄደው። በስምንት ስትቆጥሪለት ልጁ ትከሻውን ከከበሮው ለይቶ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ ታዪዋለሽ፣ ያሳዝናል። ሸጎዬንም ሆነ ረገዳን ከሚጨፍሩት ሰዎች ተማሪ፣ ከስክሪን አይደለም።

የህርማታዋ፦ ተባረኩ! አባ ቡና፣ የቆጠራው ነገር እውነት ነው፣ እኔም ክፍል ውስጥ እያየሁት ነው። ሚሚዬ፣ ዝላይ ስንሞክር ግን ስኒከር ከየት ላምጣ? ግማሾቹ በኮንጎ ጫማ ነው የሚመጡት 😅

ሚሚ፦ በኮንጎማ እንዳታዘልያቸው፣ ያንሸራትታል። ባዶ እግራቸውን ይሁኑና ዝላዩን ለጊዜው ዝለይው። ሚዛን መጠበቅና ክንድ ላይ ብቻ ብትሠሪ እንኳ ወራት ይበቃሻል።