ለእናታችን የሰማንያ ቀን ተዝካር የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዴት እናዘጋጅ?

ሦስተኛዋ ልጅ (አዳማ)፦
የእናታችንን የአርባ ቀን ተዝካር ባለፈው እሑድ አውጥተናል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ በለቅሶ መካከል በችኮላ የተጻፈ ስለነበር ከትውልድ ቦታቸው፣ ከልጆቻቸው ብዛትና ከሕመማቸው ያለፈ ነገር አልያዘም፤ «ደግ፣ እንግዳ ተቀባይና ሃይማኖተኛ ነበሩ» የሚለውም ለየትኛዋም እናት ሊባል የሚችል ነው። እኔ የማውቃቸው እናት ግን አባታችን በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ሳሉ በሌሊት እየተነሡ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ እኛን ያስተማሩ፣ እኅቴ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድም በስተርጅና የልጅ ልጆቻቸውን እንደገና ከሕፃንነት ያሳደጉ ሴት ናቸው። ለሰማንያቸው የተሟላ ታሪክ ጽፈን ለልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ቅጂውን ለመስጠት አስበናል። የተቸገርነው የተወለዱበት ዓመት በትክክል ባለመታወቁ ነው፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው በግምት የተሞላ ነው። በጦርነት የሞተው ታላቅ ወንድማችን ይነሣ ወይስ ይቅር በሚለውም እስካሁን አልተስማማንም።

የእድር ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። በእናታችሁ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በሆነው ነገር ነውና፣ እኩዮቻቸውን «ምን በሆነ ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣልያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ «ጣልያን ሲወጣ ገና ታዝዬ ነበር» ይሉ ከነበረ ልደታቸው ወደ 1932 ዓ.ም. ይጠጋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም.፣ የቆቃ ግድብ የተጠናቀቀው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ አዳማ የገቡበትንና ትዳር የያዙበትን ጊዜ በእነዚህ መለካት ትችላላችሁ። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ላይ «ገደማ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ቀንና ወር አትፍጠሩ።

የእድራቸውን መዝገብም አስፈቅዳችሁ እዩ። በእኛ እድር የቆየ መዝገብ ላይ ብዙ እናቶች ሲመዘገቡ በጣት አሻራ ነው የፈረሙት፤ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ባሉት ገጾች ግን የአንዳንዶቹ ስም፣ ፊደሉ ጎላ ጎላ ብሎና ከመስመር ወጣ ብሎ፣ በራሳቸው እጅ ተጽፎ ይገኛል። ልጅ አዝለው ማታ ማታ ፊደል ለቆጠሩ እናቶች ይህ ትልቅ ታሪክ ነው፤ በቀብር ላይ ሲነበብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከሐዋሳ፦
እኔ የእናቴን ታሪክ ስጽፍ ከሁሉ የበለጠ የረዱኝ የልጅ ልጆቿ ናቸው። እኛ ልጆች የምናስታውሰው ድካሟንና ቁጣዋን ነበር፤ እነሱ ያገኟት ፋታ ባገኘችበት ዘመን ስለሆነ ያልሰማነውን ነገሩኝ። የእኅቴ ልጅ፣ አያቷ ጠዋት ደጃፉ ላይ በዱካ ተቀምጠው በጉልበቶቻቸው መካከል አስገብተው ጸጉሯን ሲሠሩላት የትላንት ትምህርቷን በቃል እንደሚያስወጧት፣ ከተሳሳተችም ጉንጉኑን ይዘው «ከመጀመሪያው» ይሏት እንደነበር ጽፋ ሰጠችኝ፤ እንዳለ አስገባሁት። ሃይማኖታቸው የተለየ ቢሆንም የቡና ጎረቤቶቻቸውንም ጠይቁ፤ ከልጅ የተደበቀ ችግር ከጎረቤት አይደበቅም።

ወንድማችሁን በተመለከተ መነሣት አለበት እላለሁ። እናት የወለደችውን ከቁጥር አታጎድልም፤ እናታችሁም በየዓመቱ ሲዘክሩት እንደኖሩ አልጠራጠርም።

የበኩር ልጅ (ከሌላ ቤተሰብ)፦
እኔ በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። በሰው ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ያልደረቀ ቁስል ሊነካ ስለሚችል፣ ታላላቆቻችሁ ሳይስማሙ አታንብቡት። ካልተስማሙ ለቤተሰቡ በሚሰጠው ቅጂ ላይ ብቻ ይግባ።

ሦስተኛዋ ልጅ (አዳማ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። ምክራችሁን ለታላቅ እኅቴ አንብቤላት ብዙ ካለቀሰች በኋላ የወንድማችን ስም ከነልደት ተራው እንዲገባ፣ የሞተበት ሁኔታ ግን እንዳይዘረዘር ተስማምታለች። እናታችን በየዓመቱ በሞቱ ቀን ንፍሮ ቀቅለው ለነዳያን ይሰጡ እንደነበርም እንጽፋለን። መሠረተ ትምህርት የተማሩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስማቸውን በእጃቸው የጻፉበትን ገጽ ለመፈለግ ከእናታችን እድር ጸሐፊ ጋር ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል፤ ከተገኘ ፎቶግራፍ አንሥተን በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እናደርገዋለን።