ኤክስኤምኤል በፓይተን ለምትጀምሩ፦ የትኛው ላይብረሪ ይሻላል? ጥቆማ

«ኤክስኤምኤል ፋይል በስክሪፕት ማንበብ ልማር ነው፣ በየቱ ልጀምር?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለማይ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ኤክስኤምኤል መረጃን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክቶች (ታግ ይባላሉ) መሃል የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ፋይል አይነት ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ምክንያቱን ከስር እጽፈዋለሁ። በፓይተን ከሆነ የምትሰሩት በኤለመንትትሪ (ElementTree) ጀምሩ፣ የዛፉ አሰራር (ታጎች አንዱ በሌላው ውስጥ ከስር ወደ ልጆች የሚደረደሩበት) በደንብ እስኪገባችሁ ድረስ ሌላ አትንኩ፣ ሲጠባችሁ ወደ ኤልኤክስኤምኤል (lxml) እለፉ። ሌሎቹም የየራሳቸው ስራ አላቸው ግን ለጀማሪ አይደሉም።

ኤለመንትትሪ ከፓይተን 2.5 ጀምሮ ማለትም ከ2006 ወዲህ አብሮ የሚመጣ ነው፣ ምንም ኢንስቶል የሚደረግ ነገር የለውም። ፋይሉን ስትሰጡት ስሩን ይመልስላችኋል፣ ከስሩ ስር ያሉትን ልጆች በፎር ሉፕ ትዞሩባቸዋላችሁ፣ እያንዳንዱ ኤለመንት (ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ታግ ያለው ክፍል) ታግ አለው፣ ቴክስት አለው፣ አትሪቢዩቶቹ (መክፈቻው ታግ ውስጥ የሚጻፉ ተጨማሪ መረጃዎች) ደግሞ ዲክሽነሪ ናቸው፣ በቃ። ሊስትና ዲክሽነሪ የሚያውቅ ሰው አንዴ ቁጭ ብሎ ቢሞክረው ይገባዋል። እዛው አብሮት ሚኒዶም የሚባል አለ፣ እሱን እለፉት፣ አንዲት ቃል ለማውጣት ፈርስትቻይልድ ምናምን እያላችሁ ስትወርዱ ነው የምትውሉት።

ጀማሪ በብዛት የሚደናገርበት ቦታ ቴይል የሚባለው ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። «ዛሬ በጣም ደክሞኛል» የሚል አንቀጽ አለ እንበል፣ «በጣም» የሚለው ብቻ በደማቅ ታግ ውስጥ ነው። የአንቀጹን ቴክስት ስትጠይቁ «ዛሬ» ብቻ ነው የሚመጣላችሁ፣ «በጣም» የደማቁ ቴክስት ነው፣ «ደክሞኛል» ደግሞ የአንቀጹ ሳይሆን የደማቁ ኤለመንት ቴይል ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ይሄን ያላወቀ ሰው ግማሽ ጽሑፉ የት እንደጠፋበት ግራ ይገባዋል፣ ይባስ ብሎ ደማቁን ኤለመንት ካጠፋው ቴይሉም አብሮ ይጠፋል። ጽሑፉን በሙሉ ከፈለጋችሁ ኢተርቴክስትን ተጠቀሙ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ያወጣላችኋል።

ሌላው፣ ፋይንድ የታግ ስም ብቻ ስትሰጡት የሚፈልገው በቀጥታ ልጆች ውስጥ ነው፣ ከልጅ ልጅ ውስጥ የሚፈልግ ከሆነ ከስሙ በፊት ነጥብና ሁለት ስላሽ ይጨመርበታል። ደሞ የተገኘውን ኤለመንት ዝም ብላችሁ በኢፍ አትፈትኑት፣ ልጅ የሌለው ኤለመንት ቢኖርም እንደ ፎልስ ስለሚቆጠር «አልተገኘም» ወደሚለው ይሄድባችኋል፣ «None (ምንም የለም) አይደለም ወይ» ብላችሁ ነው መፈተን ያለባችሁ።

ኔምስፔስ ሁለተኛው ግድግዳ ነው። ታጉን በአይናችሁ እያያችሁት ፋይንድ ምንም አላገኘሁም ካላችሁ የፋይሉን አናት ተመልከቱ፣ ኤክስኤምኤልኤንኤስ የሚል ካለ የታጉ ትክክለኛ ስም በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያለ ረጅም አድራሻ ተጨምሮበት ነው። አድራሻው ዌብሳይት ይመስላል እንጂ ፓርሰሩ (ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም) ሄዶ አይከፍተውም፣ ስሞች እንዳይጋጩ የተቀመጠ መለያ ብቻ ነው። መፍትሄው አጭር ስም መርጣችሁ ከአድራሻው ጋር በዲክሽነሪ አድርጋችሁ ለፋይንድ መስጠት ነው፣ ፋይሉን በሪፕሌስ እየቆራረጡ አድራሻውን ማጥፋት ግን አልመክርም፣ ዛሬ ይሰራል ነገ ፋይሉ ትንሽ ሲቀየር ይሰበራል።

አማርኛ ለምታስኬዱ ይሄን ያዙልኝ። ዛፉን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው ቱስትሪንግ መልሳችሁ ስትጽፉ ኢንኮዲንግ (ፊደላት ፋይል ላይ የሚቀመጡበት ኮድ) ካልነገራችሁት የአማርኛ ፊደል በሌለው በአስኪ ስለሚጽፍ «አ» የነበረው አ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ሌላ ፓርሰር በትክክል ያነበዋል፣ ግን ሰው ሊያየው አይችልም፣ ስለዚህ ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ንገሩት። ስታነቡም ራሳችሁ ከፍታችሁ ጽሑፉን ከምትሰጡት የፋይሉን ስም ስጡትና አናቱ ላይ ያለውን ኢንኮዲንግ ራሱ ይየው።

አሁን ወደ ኤልኤክስኤምኤል። ሊብኤክስኤምኤል2 እና ሊብኤክስኤስኤልቲ በሚባሉ በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች ላይ የተሰራ ነው፣ አጠቃቀሙ ኤለመንትትሪን ተከትሎ ስለተሰራ የተማራችሁት አብዛኛው ሳይቀየር ይሰራል፣ በኤለመንትትሪ ጀምሩ የምለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የሚጨምርላችሁ ምንድነው ካላችሁ፣ ኤክስፓዝ (ዛፉ ውስጥ መፈለጊያ ቋንቋ) 1.0 ሙሉውን አለው፣ ኤለመንትትሪ ግን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ «ጽሑፉ ውስጥ ይሄ ቃል ያለበት» እንኳን ማለት አይቻልም። ከልጅ ወደ ወላጅ መውጣትም ይቻላል፣ በስኪማ (ፋይሉ ምን መያዝ እንዳለበት በሚዘረዝር ደንብ) ማረጋገጥ አለው፣ ኤለመንቱ ፋይሉ ላይ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል፣ ኢረር ስትፈልጉ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ቢዩቲፉልሱፕን ብዙ ሰው ይጠቁማል፣ ለተበላሸ ኤችቲኤምኤል በጣም ጎበዝ ነው፣ እኔም ለዛ እመርጠዋለሁ። ለኤክስኤምኤል ግን ከስሩ ኤልኤክስኤምኤልን ነው የሚጠቀመው፣ ኤክስኤምኤል ነው ብላችሁ ካልነገራችሁት ደግሞ እንደ ኤችቲኤምኤል አይቶ የታግ ስሞችን ወደ ትንንሽ ፊደል ይቀይርባችኋል። ስለዚህ በመሃል አስገብታችሁ የምታተርፉት ነገር የለም።

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ሬጀክስ፣ ጽሑፍን በቅርጹ መፈለጊያ)? አይሆንም። አትሪቢዩቶቹ ቦታ ቢለዋወጡ፣ ድርብ ጥቅስ በነጠላ ቢተካ፣ ታጉ ኮሜንት ውስጥ ቢሆን፣ ለኤክስኤምኤል ምንም አይደለም፣ የእናንተ ሬጀክስ ግን ይወድቃል።

ፋይሉ ጊጋ ባይት ከሆነ ዛፉን በሙሉ ሜሞሪ ላይ አትጫኑት፣ ፋይሉን ቁራጭ በቁራጭ የሚያነበውን ኢተርፓርስ ተጠቀሙና እያንዳንዱን ኤለመንት ስትጨርሱ ክሊር አድርጉት፣ ክሊር ካላደረጋችሁት ዛፉ ከስር እየተከማቸ ስለሚሄድ ምንም አልጠቀማችሁም። ሳክስ የሚባል ሌላ ቁራጭ በቁራጭ ማንበቢያም አለ ግን ኢተርፓርስ እያለ ለጀማሪ አያስፈልግም።

ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል ላይ አደራ። አንድ ኪሎ ባይት የማይሞላ ፋይል ውስጥ ኢንቲቲዎች (ሲነበቡ በሌላ ጽሑፍ የሚተኩ አጭር ስሞች) አንዱ ሌላውን አስር አስር ጊዜ እየጠራ ሲዘረጋ ወደ 3 ጊጋ ባይት ሊደርስ ይችላል፣ ማሽኑን ያንቀዋል። ዲፊውዝድኤክስኤምኤል የሚባለውን ኢንስቶል አድርጉ፣ ኢንቲቲ የሚፈጥር ፋይል ሲመጣ አልቀበልም ብሎ ያቆማል።

ፓይተን የማትጠቀሙ፣ በፐርል ኤክስኤምኤል ሲምፕል የሚለው ስም እንዳያታልላችሁ፣ የራሱ ዶክመንቴሽን አዲስ ኮድ ላይ አትጠቀሙኝ ይላል፣ ሊብኤክስኤምኤል ወይ ትዊግ ያዙ። በሩቢ ኖኮጊሪ። በፒኤችፒ ለትንንሽ ፋይል ሲምፕልኤክስኤምኤል ጥሩ ነው፣ ለትልቅ ኤክስኤምኤልሪደር።

ለመለማመጃ መጀመሪያ የአርኤስኤስ 2.0 ፊድ (ድረገጾች አዳዲስ ጽሑፎቻቸውን የሚዘረዝሩበት የኤክስኤምኤል ፋይል) አውርዳችሁ ርዕሶቹን ብቻ አውጡ፣ ዋናዎቹ ታጎች ኔምስፔስ ስለሌላቸው ይቀላል። ቀጥሎ ኤስቪጂ ምስል ክፈቱ፣ እዛ ኔምስፔስ ያጋጥማችኋል። ሶስተኛ የዎርድ ዶክኤክስ ፋይል፣ እሱ ዚፕ ነው፣ በፓይተን ዚፕፋይል ከፍታችሁ ዎርድ ፎልደር ውስጥ ያለውን ዶክመንት ኤክስኤምኤል አውጡና የአንድ አንቀጽ ጽሑፍ ሙሉውን ለማግኘት ሞክሩ። እሱ ጋ የተቸገረ ኮዱንና የመጣለትን ኢረር ይላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።