ዎርድፕረስ የሚፈጥራቸውን የማያስፈልጉ የምስል መጠኖች ስለ ማስቀረት

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ለሚገኘው የእንጨት ሥራ ቤታችን ድረ ገጽ አንድ ትልቅ ፎቶ በጫንኩ ቁጥር ዎርድፕረስ (ድረ ገጹን የምናስተዳድርበት ፕሮግራም) በተለያየ መጠን እስከ 7 ቅጂዎች እየፈጠረ የተከራየነውን የሰርቨር ቦታ ሊሞላው ስለተቃረበ፣ የማያስፈልጉትን እንዴት ላስቀር እችላለሁ?

መልስ 1፦ ቅንብሮች ውስጥ የሚዲያ ገጹን ከፍተው የማይፈልጉትን መጠን ስፋትና ቁመት 0 ያድርጉ። 768፣ 1536 እና 2048 ፒክስል የሆኑት ግን እዚያ ስለማይታዩ በኮድ ወይም በፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ በሚጨመር ተጨማሪ ፕሮግራም) ማስቀረት ይኖርብዎታል።

መልስ 2፦ አስቀድመው ቴሙ (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ንድፍ) የትኞቹን መጠኖች እንደሚጠቀም ያረጋግጡ። ባለ 768ቱ በስልክ ለሚያዩ ደንበኞች ቀለል ያለ ፋይል ስለሚያደርስ፣ ዳታ ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ስል እኔ አላጠፋውም።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀድሞ የተፈጠሩትስ?

መልስ 1፦ ለውጡ የሚሠራው ወደፊት ለሚጫኑት ብቻ ነው። የቆዩ ጽሑፎች ሊጠቀሙባቸው ስለሚችሉ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይዙ አይሰርዟቸው።