መብራት ላይ ዜሮ ማርሽ ወይስ አንደኛ?

ባለካቴና፦
ሰሞኑን የምትቀባበሉት የሞተርሳይክል ሥልጠና ቪዲዮ ላይ አሠልጣኙ «ቀይ መብራት እንዳያችሁ ዜሮ አድርጉ፤ ፍሪሲዮን የሚያልቀው በመያዝ ነው» ይላል። ይህን የሰማ ጀማሪ ከኋላው የሚመጣው መኪና ሳይቆም ማርሹን አውጥቶ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ፍሪሲዮን የሚያልቀው በመንሸራተት ነው፤ ግማሽ ለቆ ነዳጅ በመስጠት፣ ዳገት ላይ ፍሬን ሳይዙ በፍሪሲዮን ብቻ በመቆም። የፍሪሲዮኑ እጀታ እስከ መጨረሻ ከተሳበ ግን ውስጡ ተጣብቀው የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፉት ሸራውና ብረቱ ተላቀዋል። ምኑ ነው የሚያልቀው?

መፍቻ 10፦
«ተላቀዋል» ላይ እንቁም። ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን መቼም ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። እጀታው ሲሳብ የሚፈጠረው ትንሽ ክፍተት ለሁሉም ሸራዎች ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የሚሊሜትር ቁራጭ ነው። በመሃል ያለው ዘይት ደግሞ ይጎትታል። ሞተሩ ሳይሞቅ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አንደኛ ስታስገቡ ቋ ብሎ ወደፊት የሚገፋው ለምን መሰላችሁ?

ባለካቴና፦
መጎተት ሌላ፣ ማለቅ ሌላ። ዘይት ስለጎተተ ሸራ አይበላም። አሠልጣኙ «ያልቃል» ነው ያለው፤ እሱን አስረዳን።

መፍቻ 10፦
እሺ፣ ሸራውን እንተወው። እጀታው ተስቦ እስካለ ድረስ የሞላዎቹ ጉልበት የሚያርፈው በግፊት ዘንጉና በኩሽኔታው ላይ ነው። እጀታውን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ሽቦ፣ ካቦውም፣ ተወጥሮ ይቆያል። በአንደኛ ቆመህ ካቦው ቢበጠስ ሞተርሳይክሉ ወደ መስቀለኛው መንገድ ይዘላል። ለጀማሪ ይህን አትነግረውም?

ባለካቴና፦
እነግረዋለሁ። ካቦ በአንድ ጊዜ አይበጠስም። እጀታው ውስጥ በሚገባው ጭንቅላቱ አጠገብ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጣጠሳሉ፤ መሸፈኛውን ገልጦ ማየት ነው። አንድ ክር እንኳ ከተፈታ በዚያው ቀን ይቀየራል። ቆሞ ፍሬን የያዘ ሰው ደግሞ ካቦው ቢበጠስበት ሞተሩ ታንቆ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። መንገድ ላይ የሚዘልለው ፍሬን ያልያዘው ነው።

ስፖኪዮ፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ሸራ ስትጨቃጨቁ ዋናው ነገር ቀረ። የቆመ ሞተረኛ ትልቁ ስጋት ከኋላ ነው። የፊት ጎማችሁን ከፊት ካለው መኪና መሃል ሳይሆን ወደ አንዱ ጎን አዙሩ፤ ለማምለጫ የሚሆን ርቀትም ተዉ። ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ። የፍሬን መብራታችሁ ይብራ። ማርሹ አንደኛ ላይ፣ ዓይን ስፖኪዮ ላይ። ከኋላችሁ አንድ መኪና፣ ቢቻል ሁለት፣ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ዜሮ ማድረግ የፈለገ ያድርግ። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም። ከዜሮ ለማምለጥ እኮ ፍሪሲዮን መሳብ፣ ፔዳል መርገጥ፣ መልቀቅ ይጠይቃል፤ አንደኛ ላይ ያለ ሰው የሚቀረው መልቀቁ ብቻ ነው።

መፍቻ 10፦
እህቴ፣ «የፈለገ ያድርግ» ካልሽ እኮ ከእኔ ጋር ተስማምተሻል።

ስፖኪዮ፦
አልተስማማሁም። ቪዲዮው «ቀይ እንዳያችሁ» ነው ያለው። «ከኋላችሁ ያለው ከቆመ በኋላ» ቢል ኖሮ አንድ ቃል አልጽፍም ነበር።

መፍቻ 10፦
ዳገት ላይስ? ዜሮ ያደረገ ሰው አንደኛ ለማስገባት ግራ እግሩን ማንሳት አለበት። ስለዚህ ቀኝ እግሩ መሬት ይወርዳል፣ የኋላው ፍሬን ይለቀቃል፣ ሞተርሳይክሉ የሚያዘው በፊት ፍሬን ብቻ ይሆናል። አንደኛውን ካስገባ በኋላ እግሮቹን መልሶ ይለዋውጣል። ዳገት ላይ አንደኛ ይሻላል፤ ይህን እኔም አልክድም። እኔ የምናገረው ለሜዳ ነው።

አዲስ ነጂ፦
ይቅርታ፣ እኔን የቸገረኝ ዜሮውን ማግኘቱ ነው። ቆሜ ስፈልገው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ይዘላል።

ካምቢዮ ፈቺ፦
ቆመህ አትፈልገው። ዜሮ ያለው በአንደኛና በሁለተኛ መሃል ነው፤ ከአንደኛ ግማሽ እርምጃ ወደ ላይ፣ ከሁለተኛ ግማሽ እርምጃ ወደ ታች። ጎማው ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ሳለ፣ ልትቆም ጥቂት ሜትር ሲቀርህ፣ ከሁለተኛ በጫማህ ጫፍ ዳሰስ አድርገህ ተጫነው። አትርገጠው፤ የምትረግጠው ከሆነ አልፎ አንደኛ ይገባል።

ምክንያቱን እወቀው። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ውስጥ ማርሾቹ ሁልጊዜ እንደተናከሱ ናቸው። ፔዳሉ የሚያንቀሳቅሰው በጎናቸው ያሉትን መያዣ ጥርሶች ነው። ቆመህ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ሲጎትት እነዚያ ጥርሶች ጭነት ስላለባቸው ተጣብቀው አይወጡም፤ አንተ ደግሞ ኃይል ስትጨምር በድንገት ለቀው ዜሮውን ያልፉታል። ስለዚህ ቆመህ ከተቸገርህ ፍሬን ይዘህ እጀታውን መንከስ እስኪጀምር ድረስ በጥቂቱ ለቀቅ አድርገህ መልሰህ ሳበው፤ ጭነቱ በሚላላባት ቅጽበት ፔዳሉን ንካ። ወይም ሞተርሳይክሉን በእግርህ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዘው። ሞተሩ ጠፍቶ በአራተኛ ከቆመብህም ያው ነው፤ በአንድ እርግጫ አንድ ማርሽ፣ በየመሃሉ መወዝወዝ።

ዜሮ መግባቱን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት ቢበራ እንኳ እጀታውን በአንድ ጊዜ አትልቀቀው። የዜሮ ስዊቹ ሊዋሽ ይችላል።

አዲስ ነጂ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ይብሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይሻላል።

ካምቢዮ ፈቺ፦
እንግዲያው ከእግርህ አይደለም። መጀመሪያ እጀታው ፍሪሲዮኑን ሳይነካ በባዶ የሚሄድበትን ርቀት ለካ። በብዙ ሞተርሳይክሎች ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው፤ የአንተን ከመመሪያው አረጋግጥ። ከበዛ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፣ ካነሰ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ እይ፤ በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ መሆን የሚገባው 2,000 ከሆነ ዜሮ አታገኝም። ከዚያ ዘይት። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ 2 የሚል፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን መስማማቱን የሚያሳይ የዘይት ደረጃ ይኑር፣ ውፍረቱም በመመሪያው የተጻፈው ይሁን። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ይፈታ፦ የብረት ዲስኮቹን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ በስስ መለኪያ መፈተሽ፣ በብዙዎቹ ከ0.3 ሚሊሜትር በላይ የጎበጠ መቀየር። ሸራዎቹ የሚገቡበት ቤት ጣቶቹ ላይ ቦይ ከተቦረቦረም ሸራዎቹ እዚያ ይሰካሉ፤ አዲስ ሸራ ቢገባም አይለወጥም።

አረንጓዴ ታንክ፦
ካዋሳኪ ግዙ፣ ተገላገሉ። በብዙ ሞዴሎቹ ካምቢዮ ውስጥ ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ፤ ጎማው ሲቆም ወደ ሁለተኛ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋሉ። ቆማችሁ ከአንደኛ ፔዳሉን ወደ ላይ ስታነሱ ዜሮ ላይ ይቆማል። ሌሎቹ ለምን እንደማይሠሩት ይገርመኛል።

ባለ ሱፐር ከብ፦
የማያስፈልገውም አለ። ሆንዳ ሱፐር ከብ ዜሮው ከአንደኛ በታች ነው፤ በሁለት ማርሽ መሃል አይፈለግም። የፍሪሲዮን እጀታም የለውም። ሚኒሞ ላይ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቃል፤ መብራት ላይ አንደኛ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። «የሚያልቀው በመያዝ ነው» ያለው አሠልጣኝ ይህንን እንዴት ሊያስረዳ ነው?

አረንጓዴ ታንክ፦
ትንሹን ከብና ባለ 650 ሲሲ ሞተርሳይክልን አታወዳድር። ያንተ የሚለቀው ሞተሩ ዙር ሲያጣ ብቻ ነው፤ ሚኒሞው ከፍ ካለ አንተንም ይጎትትሃል።

ባለ ሱፐር ከብ፦
ሚኒሞ ይስተካከላል። አንድ ብሎን ነው።

መፍቻ 10፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ባለካቴና፣ የባቡር መሻገሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጀታ ይዘህ ትቆማለህ? እጅ ይደክማል። የደከመ እጅ ሳያስበው ይለቃል፤ ያኔ አንደኛ ላይ ያለው ነው ወደ ሐዲዱ የሚሄደው።

ባለካቴና፦
እዚያ ሞተሩን አጠፋለሁ።

መፍቻ 10፦
ከኋላህ የሚመጣውን ማን ያመልጥልሃል ታዲያ? እስካሁን የተሟገትኸው ለመውጫ መንገድ አልነበረም?

ባለካቴና፦
ከኋላዬ ሁለት መኪና ከቆመ በኋላ ነው የማጠፋው፤ ስፖኪዮ ያለችውን አንብብ። ባጠፋውም አንደኛ ውስጥ ትቼው ነው። ፍሪሲዮን ስቦ የማስነሻ ቁልፉን መጫን ብቻ ይቀራል።

መፍቻ 10፦
የጎን መቆሚያው ከወረደ አይነሳም፤ ብዙዎቹ ማርሽ ውስጥ ሲሆኑ ስዊቹ ይቆልፋቸዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ፍሪሲዮን ብትስብም ዜሮ ካልሆኑ አይነሱም።

ባለካቴና፦
መቆሚያ ማን አወረደ አለህ?