የኋላ ግራው ወድቋል፣ ንጋት ላይ እወጣለሁ፤ ከፍታውን እንዴት ላስተካክል?

ጭነት በዛ፦
የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የመኪናው የኋላ ግራ ወድቋል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አራት ጣት ብቻ ቀርቷል፤ በቀኝ በኩል ሙሉ መዳፍ ከነአውራ ጣቱ ይገባል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። ከፍ ማድረጊያውን ስጫነው ብልጭ ብልጭ ይልና ይተወዋል። ከፍታውን የሚለካውን ሴንሰር ዘንግ በማሳጠር ከፍ ማድረግ ይቻላል ይባላል። ስንት ሚሊ ሜትር ላሳጥረው? አሁን ማታ 1 ሰዓት ነው፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጭኜ መውጣት አለብኝ። መንገዱ ድንጋይ ነው።

ቁልፍ አስር፦
የምን መኪና ነው?

ጭነት በዛ፦
የአየር ሰስፔንሽን ነው አልኩ እኮ። ዓይነቱ ምን ይለውጣል?

ቁልፍ አስር፦
አላልክም፤ ከጥያቄህ ገምተን ነው። ደግሞም ይለውጣል። አንዳንዱ በሞላ ፈንታ የአየር ከረጢት ያለው ከኋላ ብቻ ነው፣ ፊቱ ተራ ሞላ ነው። አንዳንዱ አራቱም ላይ ነው።

ጭነት በዛ፦
አራቱም ላይ።

ሞላ ይሻላል፦
አራቱንም አውልቀህ ሞላ አስገባበት። ሞላ ፊውዝ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ሌሊት አይተነፍስም። እኔ ከቀየርኩ በኋላ እንቅልፍ አገኘሁ።

ጭነት በዛ፦
እስከ ንጋት 11 ሰዓት?

የማታ ሹፌር፦
የባትሪውን ኔጌቲቭ 15 ደቂቃ ንቀለውና መልሰህ እሰረው። የእኔ በዚህ ተስተካክሏል።

መምህሩ፦
ጠያቂው መጀመሪያ አሠራሩን ቢረዳ መልካም ነው። ሞላ ሲጫንበት ያጥራል፤ የአየር ከረጢት ግን ጭነት ሲመጣበት ኮምፒውተሩ አየር ጨምሮ ወደ ቀድሞ ከፍታው ይመልሰዋል። በጋዝና በዘይት መኪናን ከፍ ዝቅ የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ሲትሮየን ዲ ኤስ የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1955 ይዞት ወጥቷል። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን የአየር ሰስፔንሽን ደግሞ ሬንጅ ሮቨርም እ.ኤ.አ. በ1992 ይዞት ወጣ። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ወደ ማጠራቀሚያው ይገፋል፤ ከዚያ ቫልቮቹ ለየጎማው ያድላሉ። በመካከል አየሩን የሚያደርቅ ፍሬ ፍሬ ነገር አለ፤ እሱ ሲያረጅ ዱቄት ይሆንና ወደ ቫልቮቹ ይገባል። ስለዚህ...

ቁልፍ አስር፦
መምህር፣ ይቅርታዎንና ሰውየው የሚወጣው ንጋት 11 ሰዓት ነው።

መምህሩ፦
የሚቸኩል ሰው ነው እንግዲህ ዘንግ የሚያሳጥረው።

ባለ ሜትሯ፦
ወንድሜ፣ ዘንጉን ከመንካትህ በፊት ሜትር አምጣ። ለጥ ያለ መሬት ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አስነሳ፣ በሮቹን ሁሉ ዝጋ፤ በር ከተከፈተ ብዙዎቹ ከፍታ ለመቀየር እምቢ ይላሉ። ከቸርኬው መሐል ነጥብ ተነሥተህ ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ከመሬት ተነሥተህ አትለካ፤ የጎማው ንፋስ ያሳስትሃል። አራቱንም በወረቀት ጻፍ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፋና የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ንቀል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ለካ። ፊውዙን የምታወጣው መኪናው ቆሞም ሳለ አልፎ አልፎ እየነቃ ራሱን ስለሚያስተካክል ነው። አንዱ ጥግ ዝቅ ካለ ሌሎቹንም ወደ እሱ ያወርዳቸዋል፤ ጠዋት ስታየው አራቱም የወደቁ ይመስልሃል፣ ጥፋተኛውም በመካከላቸው ይደበቃል።

ፊውዙ ወጥቶ ቁጥሩ ከቀነሰ አየር ያፈሳል። ካልቀነሰ ከረጢቱ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ኮምፒውተሩ ከፍታውን በተሳሳተ ቁጥር እያነበበ ይሆናል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ጎማ ነፊ፦
ባትሪውን ንቀለውና መልሰህ እሰረው።

የማታ ሹፌር፦
ብያለሁ እኮ።

ጭነት በዛ፦
ባትሪውን ነቀልኩት። ሰዓቱና ሬዲዮው ጠፉ፤ መኪናው እንደወደቀ ነው። ልለካ ነው። እህቴ አመሰግናለሁ።

ግመሉ ተነሣ፦
ለምን ትጨነቃለህ? እንደ ግመል ተንበርክኮ እንድትጭነው እየጠበቀህ ነው።

ሞላ ይሻላል፦
ለመሆኑ ከፍ ብታደርገው ምን ታገኛለህ? ጭነቱ አይቀል! ከረጢቱ አየር ስለጨመረ የመኪናው የመሸከም አቅም አይጨምርም። በዘንግ ከፍ ስታደርገው ደግሞ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቅበታል፣ በየድንጋዩ ላይ ደርቆ ይዘላል። ጎማውን የሚያዞረው የግማሽ አክሱ መገጣጠሚያም ባልለመደው ማዕዘን ይሠራል።

ባለ ሜትሯ፦
በዚህ እንኳ ልክ ነህ። ሌላም ልጨምር፦ በአንዱ መኪና ዘንጉ ሲያጥር መኪናው ከፍ ይላል፣ በሌላው ይወርዳል፤ ሴንሰሩ በየት በኩል እንደታሰረ ይወስነዋል። «ስንት ሚሊ ሜትር» ብሎ ነገር ከሩቅ አይነገርም። አራቱም ላይ አየር ባላቸው ብዙ መኪኖች ትክክለኛው ማስተካከያ የለካኸውን ቁጥር በመመርመሪያ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። ያውም የተሰበረ ነገር እንደሌለ ከታወቀ በኋላ።

ጭነት በዛ፦
ሞተሩ እየሠራ፣ በሚሊ ሜትር፦ ፊት ግራ 461፣ ፊት ቀኝ 463፣ ኋላ ቀኝ 497፣ ኋላ ግራ 438። ፊውዙን አውጥቻለሁ።

ቁልፍ አስር፦
ኮምፕሬሰሩ ይሰማል?

ጭነት በዛ፦
ቀድሞ ያጉረመርም ነበር። ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል ከተጫንኩት በኋላ ዝም አለ።

ቁልፍ አስር፦
ሞቆ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። እስኪቀዘቅዝ ተወው። እስከዚያ የሳሙና ውሃ በከረጢቱ እጥፋት ላይ ርጭ። ላስቲኩ የሚሰነጠቀው እየታጠፈ የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነው፤ ስንጥቁ አንዳንዴ በአንድ ከፍታ ላይ ይገጥማል፣ በሌላው ይከፈታል። ቱቦው ከላይ የሚገባበትንም እይ። አረፋው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ ሆኖ እየተራባ ከመጣ አገኘኸው።

ጭነት በዛ፦
አረፋ የለም። በነገራችን ላይ ባለፈው ሳምንት በዚያው በኩል ጎማውን የሚይዘው የታችኛው ክንድ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያው ላስቲክ) ተቀይሯል። ከዚህ ጋር ግን አይገናኝም።

ቁልፍ አስር፦
!!!

ባለ ሜትሯ፦
ይህን እስከ አሁን ይዘህ ነው?

ግመሉ ተነሣ፦
የእኔ ጎሚኒ ሲቀየር የሴንሰሩን ዘንግ ከክንዱ ፈትተው ሲመልሱት የሴንሰሩን ትንሿን ክንድ ገልብጠው አሰሯት። ወደ ታች ልትታጠፍ የሚገባት ወደ ላይ ታጠፈች። መኪናዬ ለሁለት ሳምንት ሲሸና እንደተያዘ ውሻ አንድ እግር አንሥቶ ሲዞር ኖረ። ሦስት ጋራዥ ከረጢት ቀይር አለኝ። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ኳሱ ከሥር ገብታበት ተኝቶ ሲፈልግ «ይቺ ከዚያኛዋ ጋር አትመሳሰልም» አለኝ።

ባለ ሜትሯ፦
ከቀልድ ውስጥ መድኃኒቱ ይህ ነው። ቀኙንና ግራውን አስተያይ። ጎሚኒውን የቀየረውም ሰው ቡሎኑን ያጠበቀው ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ እንደሆነ ጠይቀው፤ መጥበቅ ያለበት መኪናው በመደበኛ ከፍታው ላይ ሳለ ነው፣ አለበለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ጭነት በዛ፦
ሰዓቱ ሞላ። ኋላ ግራ 438፣ ያው ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ ልገባ ነው።

ቁልፍ አስር፦
ቆይ! በክሪክ ብቻ አትግባ፣ በአየሩም አትመን። ሻንሲው ሥር የብረት ማቆሚያ አድርግ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። አየሩ ሳታስበው ከወጣ ሁለት ቶን የሚያልፍ ብረት ይተኛብሃል።

ባለ ሜትሯ፦
ፊውዙም እንደወጣ ይቆይ። ጎማውን ብታወጣው ሴንሰሩ ከጎን ይታያል፣ ከሥር መግባትም ላያስፈልግህ ይችላል።

ጎማ ነፊ፦
ባትሪውንስ ሞከርከው?

ባለ ሜትሯ፦
ወንድሜ፣ ምን አገኘህ?

ቁልፍ አስር፦
ንጋት 11 ሰዓት አልፏል። ወይ ወጥቷል ወይ ተኝቷል።

ባለ ሜትሯ፦
ከማቆሚያው ላይ አውርዶት ከሆነ የሄደው፣ ደህና ነው።

ሞላ ይሻላል፦
ሞላ ቢኖረው ኖሮ ይጽፍልን ነበር።

አዲስ ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእኔ ደግሞ ፊት ቀኙ ነው የወደቀው፤ ማታ ደህና ነበር። ዘንጉን ስንት ሚሊ ሜትር ላሳጥረው?

ቁልፍ አስር፦
የምን መኪና ነው?