ጡት የጠባ ሕፃን ከቀዶ ሕክምና ክፍል በር ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ?

ጎጃም ውስጥ በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የሙያ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ አንድ መላ በሉኝ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሕፃኑ ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት ከምግብና ከላም ወተት 6 ሰዓት፣ ከእናቱ ጡት 4 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት ይከለከላል። አለዚያ በሰመመን ላይ እያለ ያስታወከው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እኛ ግን ይህን ሁሉ አሳጥረን «ጦሙን ይደር» እንላለን። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የመጣች እናት ታዲያ «ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ምን ጦም አለበት?» ትለኛለች። ምን ልመልስላት? እውነቷን እኮ ነው!

ባለፈው ሳምንት ለብሽሽት እበጥ የመጣ የስምንት ወር ልጅ ነበር። «ምንም አልቀመሰም» አለችኝ እናቱ። ከንፈሩ ላይ ግን ወተት አየሁ። «ጡት ምግብ ነው እንዴ?» አለች ደንግጣ። ቀጠሮው ተሰረዘ። ሌላዋ ደግሞ ፈርታ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ ስለከለከለችው ልጁ ደርቆ ደም ሥር አጣንለት።

«ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ማለትም ሰዓት ለሌላት አይሆንም። «ዶሮ ሲጮኽ የመጨረሻውን አጥቢው» ብዬ ነበር፤ ለካ ሆስፒታል ውስጥ ዶሮ የለም።

እናንተ «ጦም» በማለት ፈንታ ምን ትላላችሁ? ተራ ሲዘገይስ ለእናቶቹ «አሁን ውኃ ስጡት» የሚላቸው ማን ነው?