በሕፃናት ዋርድ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በምን ይመዘን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሕፃናት ዋርድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ዝቅ ብሎ መጣ። ቅጹ ላይ ለእኔ ያለው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፦ በቀን ስንት ልጅ አየሽ? ባለፈው ሳምንት ኢንሱሊን አልወጋም ካለ የ9 ዓመት ልጅና ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ፤ "1" ተብሎ ተቆጠረ። አለቃዬ ግን ቅን ሰው ናቸው፤ "በምን መመዘን እንዳለብሽ ራስሽ ጽፈሽ አርብ አምጪ" አሉኝ። ምን ልጻፍ?

መልስ፣ ከነባር የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
እህቴ፣ ቁጥሩን አትጣይው፤ ከፋፍዪው። የመጀመሪያ ምርመራ፣ ክትትል፣ የቤተሰብ ውይይት፣ ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ (ታካሚዎቹን እየዞሩ ማየት)፤ እያንዳንዱ የሚፈጀውን ጊዜ እስከ አርብ መዝግቢና አያይዢ። ሁለት ነገር ጨምሪበት፦ ኮንሰልት (ልጁን እዪልን የሚል የሐኪም ጥያቄ) ሲጻፍልሽ በስንት ሰዓት ውስጥ ልጁ ዘንድ ደረስሽ፣ ቻርቱ ላይስ ሐኪሙም ነርሷም የሚሠሩበት ነገር ጻፍሽ ወይ? "ምክር ተሰጥቷል" ብሎ መፈረም ለማንም አይጠቅምም።

መልስ፣ ከሕፃናት ክፍል ነርስ፦
የቃጠሎ ቁስል ሲታጠብ ወይም ከጀርባ ፈሳሽ ሲወሰድ ቀድማችሁ ኑልን። ልጁ ጮኾ ጮኾ ከደከመ በኋላ መምጣት ምን ያደርጋል? ይህ ደግሞ ይለካል፦ ፍላክ የሚባለው የሕመም ስሜት መለኪያ ለፊቱ፣ ለእግሩ፣ ለእንቅስቃሴው፣ ለለቅሶውና ሲያባብሉት ለሚያሳየው ለውጥ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ነው። በምግብ እጥረት የተኙትንም አትርሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጣቸው 10 የሕክምና እርምጃዎች አንዱ ልጁን ማጫወትና ፍቅር ማሳየት ነው። እናቶቹን ማለማመዱ በሥራሽ ዝርዝር ይግባ።

መልስ፣ ከኤች አይ ቪ ክሊኒክ፦
የልጁ ስኳር ወረደ አልወረደ ብለው እንዳይመዝኑሽ። ኢንሱሊኑ ከጠፋ ወይም ቤት ውስጥ ማስቀመጫ ከሌለ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ለምን እምቢ እንዳለ አወቅሽ? ከእናቱ ጋር ምን ተስማማችሁ? በቀጠሮው መልሰሽ አየሽው? ይህ ይጠየቅ። እኛ ጋ ለልጆች ስለ ራሳቸው ሁኔታ የሚነገራቸው እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ ነው። "በዚህ ወር ለስንቱ ተነገረ?" ከተባለ ባለሙያው ይቸኩላል። ሳይዘጋጅ የተነገረው ልጅ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን አቆመ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰዓት መመዝገብ ጀምሬያለሁ። ሲስተር፣ ነገ ጠዋት ቁስሏ የሚታጠብ የ8 ዓመት ልጅ አለችን፤ ለእሷም ፍላክ ይሆናል?

ነርሷ፦
እሱ ለትንንሾቹ ነው። እሷን ራሷን ጠይቂያት፤ የፊት ሥዕሎቹን አሳዪያትና ሕመሟን የሚመስለውን በጣቷ ትጠቁምሽ። ከመታጠቧ በፊት አንዴ፣ ስትታጠብ አንዴ።